እንፋሎት አሳዳጇ ሐያት

ሐያት ሞተች ብለው ከጅማ ሲደውሉልኝ «የቷ ሐያት?» ብዬ ጠየቅኩ። የማውቃት ሐያት አንዲት ብቻ ነች። ግን የእሷን ስምና ሞትን አንድ ላይ መስማት ጆሮዬ እምቢ አለ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ እያለቀስኩ መሃል ላይ ሳቄ መጣብኝ። ሚስቴ ደንግጣ «ምን ሆነሃል?» ስትለኝ የላሞቹን ነገር አጫወትኳት፣ እሷም አብራኝ ሳቀች። ስለ ሐያት ማውራት ከተጀመረ እንባና ሳቅ ተራ አይጠባበቁም፤ እኔም ላስታርቃቸው አልሞክርም።

ሐያት ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ባለው የዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ ስለ ሙቀትና ስለ ሞተር የምታስተምር መሐንዲስ ነበረች። ቁመቷ አጭር፣ ድምጿ ረጅም። የጅማው የሄርማታ ሰፈር ልጅ ናት፤ በአማርኛ ጀምራ፣ በኦሮምኛ ቀጥላ፣ በእንግሊዝኛ ቀመር ትጨርሳለች። ያልገባው ካለ ደግሞ ሳትሰለች ከመጀመሪያው ትነሳለች። አዲስ ሐሳብ ሲመጣላት የሻሿን ጫፍ ጠበቅ አድርጋ ትቋጥራለች። ያኔ ተማሪዎቿ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ይስባሉ ይባላል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ወይ የሚፈላ ነገር ነው ወይ የሚፈነዳ። ቴርሞሜትሯ ኪሷ ውስጥ እያለ ሙቀት የምትለካው በእጇ ጀርባ ነበር። «ቁጥሩን ቴርሞሜትሩ ይንገረኝ፣ ሙቀቱን ግን እኔ ልወቀው» ትላለች።

እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ነገር ቶሎ የማይዋጥልኝ ሰው ነኝ። እዚያው ጅማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ነው ያደግኩት፤ አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበር ማኅተም ያላረፈበትን ነገር እንዳላምን አድርጎ ነው ያሳደገኝ። ከሐያት ጋር የተገናኘነው ከአጋሮ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ የማጠቢያ ጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ሆኜ ስሠራ ነው። ዘመኑ ልማት፣ ልማት የሚባልበት፣ ስብሰባ ያለ «ምርጥ ተሞክሮ» የማይዘጋበት ዘመን ነበር።

የእኛ ጣቢያ ችግር ዝናብ ነበር። የታጠበ ቡና የሚደርቀው ፀሐይ ላይ ነው፣ አልጋ በምንለው የሽቦ መደብ ተዘርግቶ። በዚያ ሰሞን ግን ዝናቡ ክረምቱ አልበቃ ብሎት ኅዳር ድረስ ይከተለን ጀመር። ቡናው አልጋ ላይ እንዳለ ይሸታል፣ ይሻግታል። ስለዚህ ማኅበሩ አሮጌ ማድረቂያ ማሽን ገዛ፤ የሚሽከረከር ትልቅ የብረት በርሜል ነው፣ ሥሩ ምድጃ አለው፣ ምድጃው ያሞቀው አየር በርሜሉ ውስጥ እየገባ ቡናውን ያደርቀዋል። ማድረቅስ ያደርቅ ነበር። ግን እንጨት አይጠግብም። በአንድ የምርት ወቅት የአካባቢውን ባሕር ዛፍ ጨረሰና ዓይኑን ወደ ሌላ ዛፍ አዞረ።

ሐያት ተማሪዎቿን ልታስጎበኝ የመጣችው በዚያን ጊዜ ነው። በሩ ላይ ቆማ ወደ ጣሪያው ታያለች፣ አትገባም።

«ወንድሜ፣ ያ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ጭስ ነው።»

«ጭሱ በወዲያ በኩል ነው። ነጩን ነው የምልህ።»

«እንፋሎት ነዋ! ከቡናው የሚወጣ ውኃ።»

«ትኩስ ነው?»

«መቼስ እንፋሎት ቀዝቅዞ አያውቅም።»

«እና ዝም ብለህ ታየዋለህ?»

መልስ ሳትጠብቅ መሰላሉን ወጣች። የእጇን ጀርባ ወደ ማስወጫው ቱቦ አስጠግታ ጥቂት ቆየችና ከላይ ሆና ጮኸች፤ «ልጆች! ያቺን እንፋሎት ያዟት! እንጨቱ ሁሉ እዚህ ነው ያለው!» ተማሪዎቹ ምን ይያዙ? እርስ በርስ ተያዩ። እኔ በልቤ «ይቺ ሴትዮ ጤናም የላት» አልኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን በየሳምንቱ ትመጣ ጀመር፤ አንዳንዴ በሚኒባስ፣ አንዳንዴ የቡና መኪና ጋቢና ውስጥ ተጣብቃ። ስሜን ጌታሁንን ወዲያው «ጌቾ» አደረገችው፣ ማንም ሳይፈቅድላት።

ነገሩን ለማኅበሩ ሊቀ መንበር ለሐጂ ከማል ያስረዳችበትን ቀን እንደ ትናንት አስታውሰዋለሁ። ሐጂ ረጋ ያሉ፣ ንግግራቸው በልክ የሆነ ሽማግሌ ናቸው።

«ሐጂ፣ ክረምት ላይ ጨው ለምን ይርሳል?» አለቻቸው።

«ዝናብ ስለሆነ ነዋ፣ ልጄ።»

«ጣሪያ ሥር፣ ዕቃ ውስጥ የተቀመጠውስ?»

ሐጂ ጢማቸውን ዳሰሱ።

«ከአየሩ ውኃ ይጠጣል። አባቴ ጨው ነጋዴ ነበር። ክረምት ላይ ጨው ሲመዝን ውኃውን አብሮ ይሸጥ ነበር፣ አላህ ይማረውና!» ብላ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ከቦርሳዋ በፕላስቲክ የተቋጠረ ነጭ ነገር አወጣች። ካልሲየም ክሎራይድ ይባላል፣ ለወጥ የማይሆን የጨው ዓይነት ነው፤ የወጥ ጨው ጥሙ ለዚህ አይበቃም ብላናለች። ብርጭቆ ውስጥ ጨምራ ውኃ አፈሰሰችበትና «ይያዙልኝ» ብላ ለሐጂ ሰጠቻቸው።

ሐጂ ያዙት። ቅንድባቸው ተነሳ። ብርጭቆውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩት። «አስተግፊሩላህ! ሞቀ እኮ! እሳቱ የት አለ?»

«ጨው ውኃ ሲጠጣ ይሞቃል፣ ሐጂ! እንፋሎት ሲጠጣ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ያ እንፋሎት ከቡናው ሲወጣ የምድጃውን ሙቀት ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ጨዋማ ውኃ ላይ ባሳልፈው ጨዋማው ውኃ እንፋሎቱን ይጠጣዋል፣ ሙቀቱንም ያስተፋዋል። ሙቀቱን መልሼ ለማድረቂያው እሰጠዋለሁ። ውኃ የጠገበውን ጨው ምድጃው ጀርባ አፈላዋለሁ፣ እንደገና ይጠማዋል። እንደገና ይጠጣል!»

ይህ መሣሪያ በመጽሐፍ የሙቀት ፓምፕ ነው የሚባለው። ፓምፕ ውኃን ከጉድጓድ ወደ ላይ እንደሚያወጣ፣ ይሄም ለብ ያለውን ሙቀት ወደሚጠቅም ሙቀት ያወጣዋል ትል ነበር። ይኸኛው ደግሞ ብዙ መብራት አይፈልግም፤ ሥራውን የሚሠራለት የጨው ጥም ነው። እኔ ሰማኋት እንጂ አላመንኳትም። ሐጂ ግን ብርጭቆውን እስኪቀዘቅዝ ድረስ አላስቀመጡትም።

ነገሩ ጨዋታ መሆኑ የቀረው የማኅበሩ ኮሚቴ ስለ ዋንዛዎቹ የተሰበሰበ ዕለት ነው። ዋንዛ ለቡናችን ጥላው ነው። ረጃጅሞቹ ዋንዛዎች ከላይ ሆነው ካልከለሉት ሥራቸው ያለው ቡና ፀሐይ ይፈጀዋል፤ ይህን በዚያ ቀበሌ የማያውቅ የለም። ግን ማገዶ አልቋል፣ ዝናቡ አላቆመም፣ የተለቀመው ቡና ገንዳ ሞልቷል። ሐጂ ከማል አንገታቸውን ደፍተው «ዘንድሮን ለማዳን የሚመጡትን ዓመታት ልንበላ ነው» አሉ። ተቃዋሚ አልነበረም። ዋንዛዎቹ ይቆረጡ ተባለ፣ መጋዝ ያላቸው ሰዎች ከአጋሮ ተጠሩ።

ሐያት ማንም ሳይጠራት ስብሰባው ላይ ነበረች። ብድግ አለች።

«አንድ በርሜል ቡና ብቻ ላድርቅ። ግድግዳው ሥር በቀረችው እንጨት። እንጨቷ ብታልቅና ቡናው ባይደርቅ ዛፉ ሲቆረጥ እዚሁ ቆሜ አያለሁ፣ አንዲት ቃል አልተነፍስም።»

«አንቺ? አንዲት ቃል?» አልኩ ሳላስበው። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሐጂም ፈገግ አሉና ፈቀዱላት።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ከሄርማታ ጋራዦች የአሮጌ አይሱዙ ራዲያተሮች በጋሪ መጡ። ባዶ በርሜሎች አንዱ ባንዱ ላይ ተበየዱና ማማ ሆኑ፤ ጨዋማው ውኃ ቀስ እያለ እንዲወርድ በውስጣቸው የተቆራረጠ ቀርከሃ ተሞላ። እንፋሎቱ ከታች ይገባል፣ ጨዋማው ውኃ ከላይ ይንጠባጠባል፣ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። የሞቀው ጨዋማ ውኃ በራዲያተሩ ያልፍና ወደ ምድጃው የሚገባውን አየር ቀድሞ ያሞቀዋል። «ጨው ራዲያተሮቹን ይበላቸዋል፣ ከሁለት ዓመት በላይ አይኖሩም» ብላ ራሷ ነግራናለች። እንዳለችውም ኋላ በላቸው። ሲበላቸው እንኳ ተናዳ አላየኋትም፤ የተበላውን ብረት ለተማሪዎቿ ላሳይ ብላ በሁለት እጇ ታቅፋው ሄደች።

ሐያት ከአዲስ አበባ ያስመጣችው ያ ለወጥ የማይሆን ጨው በውኃ ተበጥብጦ ትልቁ የፕላስቲክ ታንከር ውስጥ ገባ። በነጋታው ጠዋት ሊጀመር ነው።

ጠዋት ጣቢያው ስደርስ ከሰው በፊት የሰማሁት የከብት ጩኸት ነው።

ወሬው ለካ ቀበሌውን ሁሉ አዳርሷል፤ ቡና ማጠቢያው ጋ ጨዋማ ውኃ አለ ተብሎ። በዚያ አገር ጨዋማ ውኃ ማለት ሆራ ማለት ነው። ከብት ሆራ ከጠጣ ይወፍራል፣ ወተቱ ይበዛል፤ ሰው ላሙን ነድቶ ግማሽ ቀን ይሄድለታል። ሆራ ደግሞ የማንም አይደለም። ከብት ነድቶ ለመጣ ሰው ሆራ መከልከል ነውር ነው። የመንደሩ እናት አዴ ዘሐራና ሌሎች ባለ ከብቶች በማለዳ ላሞቻቸውን እየነዱ መጡ፤ ዘበኛችን ነስሮም በክብር በሩን ከፈተላቸው።

የመጀመሪያዋ ላም አፏን ነከር አድርጋ ከንፈሯን ሰቀለችና ወደ ኋላ ሸሸች። የኋለኞቹ ግን ምን አዩ? ሆራ የለመደ ከብት ሽታው ከደረሰው ማን ያቆመዋል! ይገፋሉ፣ ይጋፋሉ። ቱቦው ተሰበረ፣ ታንከሩ ተንጋደደ፣ ያ ሁሉ ጨው ቦይ ለቦይ ወርዶ ሄደ።

«ምን ሆነህ ነው የከፈትክላቸው?» ብዬ ነስሮ ላይ ጮኽኩ።

«ሆራን ማን ይከለክላል፣ አቶ ጌታሁን? አላህንስ አልፈራም?» አለኝ ከልቡ ተገርሞ።

ሐያት በባጃጅ ደረሰች። ጭቃው ስላስቸገራት ጫማዋን በእጇ ይዛለች። ታንከሩን አየች፣ ቦዩን አየች፣ ላሞቹን አየች። የጠየቀችው ግን ሌላ ነው። «የጠጣች ላም አለች?»

«ቀምሳ ተፋችው፣ ልጄ» አሉ አዴ ዘሐራ። «ሆራ ነው ሲሉን ነው እኮ! ወላሂ ሆራ መስሎን ነው!»

«ወደ ወንዝ ንዷቸው፣ አዴ። ንጹሕ ውኃ እስኪጠግቡ ይጠጡ፣ ምንም አይሆኑም።» ከዚያ ሳቅ ያዛት። ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብላ እስኪደክማት ሳቀች። «ጌቾ፣ አየህልኝ? የእኔ ጨው ከምንጭ ሆራ በለጠ!»

እኔ ሳቅ ከየት ይምጣልኝ? ዝናቡ ያካፋል። እርጥቡ ቡና በርሜሉ ውስጥ ገብቷል። መጋዝ የያዙት ሰዎች ጣሪያው ሥር ተጠልለው ይጠብቃሉ። ግድግዳው ሥር ያለችው እንጨት በተለመደው አነዳድ እስከ ማታ ብትቆይ ነው። ሐጂ ከማል መጥተው ሁሉን አዩና «ማል ጎና? ምን እናደርጋለን?» አሉ። «ሞክረሻል ልጄ፣ አላህ ያየዋል። ገለቶሚ፣ እናመሰግናለን። አሁን ሰዎቹ ሥራቸውን ይጀምሩ።»

ሐያት የሻሿን ጫፍ ቋጠረች።

«ሐጂ፣ እዚህ ቀበሌ ጨው የሌለው ቤት አለ?»

«ጨው የሌለው ቤት ደግሞ ቤት ይባላል?»

«ከየቤቱ ይምጣልኝ። የወጥ ጨው፣ የከብት ጨው፣ የተገኘው ሁሉ!»

«አንቺው አይደለሽ እንዴ የወጥ ጨው አይሆንም ያልሽው?» አልኳት።

«ሰነፍ ነው እንጂ አይሆንም አላልኩም! እሱ ደረቅ አየር ላይ አይጠጣም። ከበርሜሉ የሚወጣውን አየር ግን እየው፣ ውኃ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶበታል። እንዲህ ያለውን ሰነፉም ይጠጣዋል! እየቀጠነ ሲሄድ ሌላ ጨው እንጨምርበታለን። ሂድ፣ ምን ትገተራለህ?»

ሐጂ ከማል መጋዝ የያዙትን ሰዎች በእጃቸው ቆዩ አሏቸውና ቀጥ ብለው ወደ መስጊድ ሄዱ። ጥቂት ቆይቶ ድምፃቸው በመስጊዱ ማጉያ ቀበሌውን ሞላው። «ጀመዓ! ጨው ያላችሁ ጨው ይዛችሁ ወደ ቡና ማጠቢያ ኑ! ለዋንዛው ነው!» ሰው ግራ ተጋብቶ ወጣ። ሰው የሞተ የመሰላቸው ነጠላ አዘቅዝቀው የመጡ ክርስቲያን ጎረቤቶችም ነበሩ። ግን ጨው ይዘው ነው የመጡት።

እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ሴቶች በጣሳ፣ በኩባያ፣ በፌስታል ጨው ይዘው ተሰለፉ። ባለ ሱቁ ሙሉ ጆንያ አስይዞ መጣ። አዴ ዘሐራ ላሞቻቸው የሚልሱትን ድንጋይ የመሰለ የጨው ቋጥኝ በራሳቸው ተሸክመው አመጡና «የላሞቼ ካሳ ነው» ብለው ታንከሩ ውስጥ ጣሉት። ሐያት የተሰበረውን ቱቦ በጎማ ከመነዳሪ ጠፍራ አሰረችው፣ እኔም ሸሚዜን ጠቅልዬ በትልቅ እንጨት ጨው አማስላለሁ። አባቴ ቢያየኝ ምን ይለኝ ነበር! መጋዝ ይዘው ከመጡት ሰዎች አንዱ ብድግ ብሎ ታንከሩን አብሮን አቃና። ያልሆነ ያልሆነ ዘፈን ሁሉ ተዘፈነ።

ምድጃው ተለኮሰ። በርሜሉ ዞረ። እንፋሎቱ ማማው ውስጥ ገባ፣ ጨዋማው ውኃም ቀርከሃው ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ሰው ሁሉ ወደ ማማው ተጠጋ። ሐያት የእጇን ጀርባ ራዲያተሩ ላይ አደረገች። ፊቷን አያለሁ፤ ምንም አይናገርም። ቆየች። ቆየች። ከዚያ ዘላ ሐጂን ጋቢያቸውን ይዛ ጎተተቻቸው።

«እጅዎን እዚህ ያድርጉ! ይሄ ከውጭ የሚገባው አየር ነው፣ እሳት ገና አላየም!»

ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ። «ሜ፣ እስቲ...» አሉ። ሁለተኛውን እጃቸውንም ጨመሩ። «ሞቋል! ወላሂ ሞቋል! ጌታሁን፣ ኮቱ፣ ና ንካው!»

ነካሁት። ሞቋል። እኔ ማኅተም ካልታየኝ የማላምነው ሰውዬ እንደ ልጅ ጮኽኩ። ሰው ሁሉ እጁን ሊያሞቅ ተጋፋ፣ ከጠዋቱ የላሞች ግፊያ አይተናነስም። እሳት የሚያነደው ታምሩ ግን በልማዱ ሌላ ግንድ ሊወረውር ሲል ሐያት ሮጣ ከእጁ ነጠቀችው። «አልጠየቀህም እኮ! ሲርበው ይጠይቅሃል!»

እንዲህ እየሆነ ዋለ፣ አደረ። ጨዋማው ውኃ ሲቀጥን ጨው እንጨምራለን፣ የቀጠነውን ምድጃው ጀርባ እናፈላለን። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም ማለት ይቻላል። ሐያት ከታንከሩ ወደ ምድጃው፣ ከምድጃው ወደ ማማው ስትል አንዴም ተቀምጣ አላየኋትም። በማግስቱ ረፋድ ላይ የበርሜሉ ድምፅ ተለወጠ፤ እርጥብ ቡና ዝፍ ዝፍ ይላል፣ የደረቀ ግን እንደ ጠጠር ይንኳኳል። በሩን አስከፍቼ እፍኝ አወጣሁና አንዷን ፍሬ በጥርሴ ሰበርኳት። ቀጭ አለች። ሌላ ቦታ ካለው ሞከርኩ፣ ቀጭ።

«ደርቋል!» አልኩ።

ሐጂ ከማል ወደ ግድግዳው ዞሩ። ማታ ታልቃለች የተባለችው እንጨት ገና መደብ ታህል ነበር። መጋዝ ወደያዙት ሰዎች ሄደው አንድ በአንድ እጃቸውን ጨበጧቸው። «ወንድሞቼ፣ በሰላም ግቡ። ዋንዛውን አንነካም» አሉ። እልልታው ዝናቡን አስረሳን። ሐጂ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና «ኢንጂነሯ የታለች?» አሉ።

ሐያት የለችም። ምድጃው ጋ የለችም፣ ማማው ላይ የለችም። «ሐያት! ሐያት!» እያልን ዞርን። ያገኛት ታምሩ ነው። ለሚቀጥለው ቡና ማገዶ ሊያነሳ ሄዶ፣ እጁን እንደዘረጋ ቆሞ ቀረ። ሐያት ከተረፈው እንጨት ላይ በጎኗ ተጋድማ፣ ባዶ እግሯ በጨው ነጥቶ፣ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ያ ሁሉ እልልታ አልቀሰቀሳትም።

«ላስነሳት እንዴ?» አለ ታምሩ። «እንጨቱ ያስፈልገኛል፣ ምድጃው ሊጠፋ ነው።»

ሐጂ ከማል ጋቢያቸውን አወለቁና አለበሷት። «ከዚያኛው ጫፍ ውሰድ» አሉት በሹክሹክታ። «ከሥሯ እንዳትነካ።»

ታምሩም ቦት ጫማውን አወለቀ። በባዶ እግሩ እየረገጠ፣ ከወዲያኛው ጫፍ አንድ አንድ እንጨት ቀስ አድርጎ ያነሳ ጀመር።